ችፌ ከውስጥ ነው ከውጭ? ሁለት ሺህ ዓመት የፈጀ ክርክር

የገና ታሪክ በተነበበ ቁጥር ስሙ የሚነሣው አውግስጦስ ቄሳር፣ ያ ዓለሙ ሁሉ እንዲመዘገብ ያዘዘው ንጉሠ ነገሥት፣ ገላውን ሲያክ የኖረ ሰው ነበር። ከሞተ ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ ታሪኩን የጻፈው ሮማዊው ሱኤቶኒየስ እንደሚለው ቄሳሩ ሰውነቱ ያሳክከው ነበር። ሮማውያን በመታጠቢያ ቤት ላብና ዘይት የሚጠርጉበትን የብረት መፋቂያ አንሥቶ ቆዳውን ደጋግሞ በኃይል ይፍቅ ስለነበር ገላው ቦታ ቦታው ላይ ደድሮ ጭርት የወጣበት ይመስል ነበር። ያው ጸሐፊ ንጉሡ ወቅት ጠብቆ የሚመላለስ ሕመም እንደነበረው፣ የደቡብ ነፋስ ሲነፍስም ጉንፋን እንደሚያስቸግረው መዝግቧል።

ዛሬ ይህን የሚያነብ የቆዳ ሐኪም የሚያሳክክ ገላ፣ በማከክ ብዛት የደደረ ቆዳ፣ ወቅት የሚጠብቅ ሕመምና የሚያስቸግር አፍንጫ አንድ ሰው ላይ ተሰብስበው ያያል። «ችፌ ነበረበት» ብለው የሚጠረጥሩ የበዙት ለዚህ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ያለፈውን ሰው መመርመር ስለማይቻል ጥርጣሬው ጥርጣሬ ሆኖ ይቀራል። ያንን የብረት መፋቂያ ግን ችፌ ያለበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ለአንዱ ጥፍሩ ነው፣ ለሌላው ማበጠሪያ፣ ለሌላው የበር መቃን።

የዚህ ሕመም ታሪክ በአብዛኛው የአንድ ጥያቄ ታሪክ ነው፤ ከውስጥ ነው የሚመጣው ወይስ ከውጭ? ጥያቄው የሊቃውንት ጨዋታ ይመስላል። ነገር ግን መልሱ በተቀየረ ቁጥር ተወቃሹም አብሮ ተቀይሯል። አንድ ጊዜ የታማሚው ደም፣ አንድ ጊዜ እጁ የነካው ነገር፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እናቱ።

ክሊኒክ ውስጥ የሚነገረው «ኤክዚማ» የሚለው ስም ራሱ ወገን የያዘ ነው። ቃሉ ግሪክኛ ሲሆን ፈልቶ መውጣት፣ መገንፈል ማለት ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በቁስጥንጥንያ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው የአሚዳው አኤቲዮስ በመጽሐፉ ተጠቅሞበታል፤ አሚዳ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለችው ዲያርባክር ናት። ድስት እሳት ሲበዛበት ክዳኑን ገፍቶ እንደሚገነፍል፣ በሰውነት ውስጥ የተበላሸና የጋለ ፈሳሽ ቆዳን ገፍቶ ይወጣል ተብሎ ይታመን ነበር። አማርኛም ከዚህ እምብዛም አይርቅም፤ ብጉር ወይም ቁስል «ፈላበት» ነው የሚባለው።

በዚያ ዘመን ሕክምና ሰውነት የሚተዳደረው በአራት ፈሳሾች ነው፤ በደም፣ በአክታ፣ በቢጫ ሐሞትና በጥቁር ሐሞት። ከአራቱ አንዱ ሲበዛ ወይም ሲበላሽ ሰው ይታመማል። ስለዚህ ችፌ የወጣበት ሰው ደሙ ይቀዳል፣ በሚያስቀምጥ መድኃኒት ሆዱ ይጠረጋል፣ ምግቡ ይመረጥለታል፤ ቆዳው ግን አይነካም። ከሁሉ የከፋው ቁስሉን ማድረቅ አደገኛ ነው የሚለው እምነት ነበር። ሰውነት ክፉውን ፈሳሽ በቆዳ በኩል እያስወጣ ነውና በሩ ከተዘጋበት ወደ ውስጥ ተመልሶ ሌላ የባሰ በሽታ ይሆናል ይባል ነበር። ጉንጩ ላይ ውሃ የሚያወጣና የሚቀረፍ ችፌ የወጣበት ጨቅላ፣ ሐኪሞቹ «የወተት ቅርፊት» ብለው ስም ያወጡለት፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ እያደረ ሳይታከም ይተዋል። ጥፋቱ የእናቱ ወተት ነው፣ ቁስሉም ይጠቅመዋል ተብሎ። ይህ አስተሳሰብ በአውሮፓ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። «ደሙ ተበላሽቶ ነው»፣ «ወደ ውስጥ እንዳይገባበት» የሚሉት ምክሮች በአማርኛም ገና አልሞቱም።

የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ የመጣው ስለማይታየው ፈሳሽ መገመቱን ትቶ የሚታየውን መመዝገብ ከጀመረ ሰው ነው። ሮበርት ዊላን በ1757 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ዮርክሺር ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በለንደን የድሆች ክሊኒክ ሲሠራ የቆዳ በሽታዎች ስም የተደበላለቀ መሆኑ አስቸገረው፤ አንዱ ሐኪም ለምጽ ያለውን ሌላው ጭርት ይለዋል። ዊላን የቆዳ በሽታን በሚታየው መልክ ለስምንት ከፈለው፤ ጠጣር ብጉር፣ ቅርፊት፣ ቅላት፣ ትልልቅ ውሃ የቋጠረ፣ መግል የያዘ፣ ትንንሽ ውሃ የቋጠረ፣ እባጭና ነጠብጣብ። ለዚህ ሥራው በ1790 ከለንደን የሕክምና ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። በ1812 ሥራውን ሳይጨርስ ሲሞት ተማሪው ቶማስ ቤትማን በማግሥቱ ዓመት መጽሐፉን አወጣው። ኤክዚማ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ከትንንሾቹ ውሃ የቋጠሩ ብጉሮች ክፍል ገባ፤ ከሚያመጡት ነገሮች መካከልም የፀሐይ ቃጠሎና በዚያ ዘመን ለቂጥኝ ይሰጥ የነበረው ሜርኩሪ ተጠቀሱ። ስኳር የሚመዝኑ ባለሱቆችና ኖራ የሚያቦኩ ግንበኞች እጅ ላይ የሚወጣውም ተመዘገበ። የሠራተኛ እጅ በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ ቦታ ሲያገኝ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዊላን ስምንት ክፍሎች አንዱ «ቅላት» መሆኑ ልብ ይባል። መለኪያው የለንደን ሰው ቆዳ ነበር። ይህ ነገር ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ዋጋ አስከፍሏል፤ ኋላ ይመጣል።

ክርክሩን ለመቁረጥ የተነሣው የቪየናው ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ ነው። በ1816 ብርኖ የተወለደው ሄብራ በቪየና አጠቃላይ ሆስፒታል ወጣት ሐኪም ሳለ የቆዳ ሕሙማን ተሰጡት፤ አብዛኞቹ እከክ ያለባቸው ናቸው፣ ክፍሉንም ብዙ ሐኪም አይመኘውም። እከክ ያን ጊዜም ከተበላሸ ፈሳሽ ነው የሚሉ ታላላቅ ሐኪሞች ነበሩ። ሄብራ በ1840ዎቹ፣ በራሱ ቆዳ ላይ ሳይቀር እየሞከረ፣ እከክ ማለት በዓይን ለማየት የምታዳግት ተባይ ቆዳን ስትቆፍር የሚመጣ ነገር እንጂ ደም ጋር ግንኙነት እንደሌለው አሳየ። ተባይዋን ግደል፣ በሽታው ይድናል።

ከዚያ ወደ ችፌ ዞረ። በኢትዮጵያ ብሳና የሚባለው ዛፍ ዘመድ ከሆነ የእስያ ተክል ፍሬ የሚጨመቅ ክሮተን የሚባል የሚያቃጥል ዘይት አለ። ሄብራ ይህን ዘይት ጤነኛ ቆዳ ላይ ቀባ። መጀመሪያ ቆዳው ቀላ፣ ቀጥሎ ጠጣር ብጉር አወጣ፣ ብጉሩ ውሃ ቋጠረ፣ ውሃው መግል ሆነ፣ ፈነዳና አለቀሰ፣ ደርቆ ቅርፊት ሠራ፣ በመጨረሻ ተላጠ። ዊላን በተለያየ መሳቢያ ያስቀመጣቸው መልኮች የአንድ በሽታ ዕድሜዎች ሆነው ተገኙ። ሕፃኑን፣ ጎረምሳውንና ሽማግሌውን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ እንደመመዝገብ ነበር። ሁለተኛው ግኝት ደግሞ የበለጠ ከባድ ነው፤ ደሙ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሰው ላይ ችፌ ከውጭ መሥራት ይቻላል። ሄብራ ቁስልን ማድረቅ ሰውን እንደማይጎዳ በግልጽ ተከራከረ፣ ቅባትና የውሃ መዘፍዘፊያ አዘዘ፣ ደም ማፍሰሱን ወዲያ አለ። ለሺህ ዓመታት ሳይታከሙ ለተተዉ ጨቅላዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጨዋታ መሰል ነገር አለ። ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ቢታጠቡ ወላዶች አይሞቱም ያለውን የኢግናዝ ዜመልቫይስን ግኝት በ1847 መጀመሪያ በመጽሔት ያሳወቀው ይኸው ሄብራ ነበር። ዜመልቫይስ ራሱ ለመጻፍ ዓመታት ፈጅቶበታል። ዛሬ በየሆስፒታሉ በቀን አርባ ሃምሳ ጊዜ የሚታጠቡ ነርሶችን ከሚያስቸግሩ ሕመሞች አንዱ የእጅ ችፌ ነው። አንዱ ሐኪም ያስፋፋው መልካም ነገር ሌላውን የራሱን ትምህርት በየቀኑ ያስመሰክራል።

ሄብራ ግን አንድ ነገር መመለስ አልቻለም። ያው ኖራ፣ ያው ሳሙና፣ ያው ቀዝቃዛ አየር አሥር ሰው ሲነካ ለምን ሁለቱ ብቻ ይታመማሉ? ፓሪስ፣ በቅዱስ ሉዊ ሆስፒታል የቆዳ ሊቃውንት አፍ፣ መልስ ነበራት፤ ሰውየው ሲፈጠር ዝንባሌ አለው። ቪየና «ከውጭ» ስትል ፓሪስ «ከውስጥ» እያለች ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈ። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘው ነበር፤ ክፋቱ እያንዳንዳቸው ሙሉ ነው ማለታቸው ነው።

የውጩን ግማሽ ያጠራው ጀርመናዊው ዮሴፍ ያዳሶን ነው። በ1895 አንድ መድኃኒት የሚቀባው ሕመምተኛ ከመዳን ይልቅ ሲብስበት አየ። መድኃኒቱ ሜርኩሪ ነበረበት። ያዳሶን ጥቂት ሜርኩሪ ጤነኛው ቆዳ ላይ በፕላስተር ለጥፎ ጠበቀ፤ የተለጠፈበት ቦታ ብቻ ችፌ ሆነ። ዛሬ በቆዳ ክሊኒክ ጀርባ ላይ ረድፍ በረድፍ ፕላስተር የሚለጠፈው ምርመራ የዚያ ቀን ልጅ ነው። ከዚህ በኋላ በንክኪ የሚመጣው ችፌ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው ቆዳን በጉልበት የሚጎዳ ነገር የሚያመጣው ነው፤ በረኪና፣ ኦሞ፣ ነዳጅ፣ ውሃ ራሱ። መጠኑ ከበዛ ማንንም አይምርም፤ በአረብ አገር ቤቶች ቀኑን ሙሉ በበረኪና ወለል የሚወለውሉ ሴቶች እጅ ይህን ያውቃል። ሁለተኛው አለርጂ ነው። ቆዳው አንድን ነገር «ጠላት» ብሎ ከያዘው ቂሙን አይረሳም፤ ቅንጣት ብትነካው ይነሣል፣ ያውም ወዲያው ሳይሆን ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ። ሰዎች ምክንያቱን ማግኘት የሚያቅታቸው ለዚህ ነው። ዓርብ ያደረጉት ጉትቻ እሑድ ሲያሳክክ እሑድ የበሉትን ይከሳሉ። ጉትቻው ውስጥ ያለው ኒኬል፣ የጂንስ ሱሪ ቁልፍ፣ የፀጉር ቀለም፣ ሽቶ ከታወቁት መካከል ናቸው።

ከሁሉ የሚያስተምረው የሲሚንቶ ጉዳይ ነው። እርጥብ ሲሚንቶ ራሱ ያቃጥላል፤ በውስጡ ያለው ክሮም ደግሞ አለርጂ ያመጣል፣ ከያዘም ብዙ ጊዜ አይለቅም፤ ሰውየውን ከሙያው ያስወጣዋል። ሲሚንቶ ውስጥ ጥቂት የብረት ሰልፌት ሲጨመር ክሮሙ ጉዳቱ እንደሚቀንስ ታወቀ። ዴንማርክ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ይህን በሕግ አስገደደች፤ በሲሚንቶ የሚታመሙ ግንበኞች ቁጥርም ወረደ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ መጠኑን በሚሊዮን 2 ብቻ አድርጎ ወሰነ። ከንፋስ ስልክ እስከ ሰሚት በባዶ እጁ ሲሚንቶ የሚያቦካ የቀን ሠራተኛ «ሲሚንቶ በላኝ» ሲል የሄብራንና የያዳሶንን ሙሉ ትምህርት በሁለት ቃል መናገሩ ነው። ጓንት የመስጠቱ ዕዳ የማን እንደሆነም ከዚያው ይታወቃል።

የውስጡን ግማሽ ወደ ፊት የገፋው ፓሪሳዊው ኤርኔስት ቤኒየ ነው። በ1892 ከሕፃንነት ጀምሮ የሚያሳክካቸው፣ ከዚያም አስም ወይም የአፍንጫ አለርጂ የሚከተላቸው፣ ቤተሰባቸውም ተመሳሳይ የሆነ ሕሙማንን ለይቶ ጻፈ። በ1906 ቪየናዊው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ «አለርጂ» የሚለውን ቃል ፈጠረ። በ1923 ኮካና ኩክ የተባሉ አሜሪካውያን በዘር የሚወርደውን ዝንባሌ «አቶፒ» አሉት፤ እንግዳ፣ ቦታ የሌለው ማለት ነው፤ ስሙን ያገኙት ከግሪክኛ አስተማሪ ጠይቀው ነው። ዋይዝና ሱልዝበርገር ደግሞ በ1933 ኒውዮርክ ላይ በልጆች ክርን መታጠፊያና ከጉልበት በስተኋላ የሚወጣውን ችፌ «አቶፒክ ደርማታይተስ» አሉት፤ ዛሬም ካርድ ላይ የሚጻፈው ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ የመጣው ምዕራፍ አሳፋሪ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሥነ ልቦና ትንተና አሜሪካን ሲቆጣጠር የቺካጎው ፍራንዝ አሌክሳንደር ከስሜት ይመነጫሉ ካላቸው ሰባት በሽታዎች ውስጥ ችፌን አስገባ። ረኔ ስፒትዝ በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ የጨቅላ ችፌን ምክንያት ከእናትየው ጋር አገናኘው፤ ከላይ ጭንቀት የሚመስል፣ ከሥሩ ግን ልጇን የመጥላት ስሜት አላት ብሎ። ሌሊት ሌሊት ልጇ እንዳይቧጭር እጁን ይዛ የምታድር ሴት ሐኪም ዘንድ ስትሄድ የሚጠብቃት ፍርድ ይህ ነበር። በእርግጥ ጭንቀት ማሳከክን ያብሳል፤ እንቅልፍ ያጣ ልጅና እንቅልፍ ያጣች እናት ይነጫነጫሉ። ምክንያቱንና ውጤቱን ገልብጦ ማንበብ ግን ከአራቱ ፈሳሾች ዘመን አንድ እርምጃ አልራቀም። ያኔ ወተቷ ነበር፣ አሁን ልቧ ሆነ።

በዚያው ሰሞን እውነተኛ ተስፋ ከላቦራቶሪ መጣ። ለኮርቲዞን ግኝት በ1950 የኖቤል ሽልማት ተሰጠ፤ በ1952 ሱልዝበርገርና ዊተን ሃይድሮኮርቲዞን በቅባት መልክ ቆዳ ላይ ሲቀባ ችፌን እንደሚያስታግስ አሳዩ። ለብዙ ሕሙማን የመጀመሪያው ሙሉ እንቅልፍ ያኔ ተገኘ። ቀጥለው የመጡት እንደ ክሎቤታሶል ያሉት ብዙ እጥፍ ይበረታሉ። እነዚሁ ብርቱ ቅባቶች ቆዳን ስለሚያገረጡ በአፍሪካና በአረብ አገር ገበያ የመንጪያ ክሬም ሆነው ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣሉ። ለወራት የተቀባ ፊት ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ሲያቆሙት ይቆጣል። ይህን ያየች እናት ለልጇ ችፌ ሐኪም ያዘዘላትን ቀላሉን ቅባት ፈርታ ትጥለዋለች። መፍራቷን ማን ይፈርድባታል? ነገር ግን በሐኪም ልክ ለጥቂት ቀናት የሚቀባው ሌላ፣ ፊት ለማንጣት ለዓመት የሚቀባው ሌላ ነው።

ሌሎቹን ዓይነቶች በአጭሩ መጥቀስ ይበቃል። የለንደኑ ቲልበሪ ፎክስ በ1873 መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ጥልቅ ውሃ የሚቋጥረውን ጻፈ። የሐምቡርጉ ኡና በ1887 ራስ፣ ቅንድብና የአፍንጫ ዳር ላይ የሚላጠውን ለየ፤ ፎረፎር የሱ ቀላል መልክ ነው፣ ሁሉም ሰው ቆዳ ላይ የሚኖር እርሾ መሰል ፈንገስም እጁ አለበት። ኤችአይቪ ያለባቸው ሰዎች ላይ በርትቶ ስለሚታይ ፊቱ የተላጠ ሰው ሳይመረመር የታማበት ዘመን ነበር። እንደ ሳንቲም ክብ ሆኖ የሚወጣ አለ፤ ከጭርት ጋር እየተምታታ በፈንገስ መድኃኒት ዓመት ይቀባል። የእግር ደም ሥር ሲደክም ቁርጭምጭሚት ላይ የሚወጣም አለ።

ውስጥ ወይስ ውጭ የሚለውን ጥያቄ ያልተጠበቀ መልስ የሰጠው በስኮትላንድ ዳንዲ ከተማ በአርዊን ማክሊን የተመራው ቡድን ነው። በ2006 ፊላግሪን የሚባል ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ላይ ጉድለት ያለባቸው ልጆች ችፌ በብዛት እንደሚይዛቸው አሳተሙ። ከአውሮፓውያን 9 በመቶ ገደማ ከነዚህ ጉድለቶች አንዱን ይሸከማል። ፊላግሪን የላይኛውን ቆዳ ክሮች አጥብቆ የሚያስር፣ ሲፈርስም ቆዳው እርጥበት እንዲይዝ የሚያደርግ ነገር ነው። የጭቃ ቤት ግድግዳ ያየ ሰው ይህ አይጠፋውም። ማገሩ ቆሟል፣ ምርጊቱ ግን ረግፏል፤ የውስጡ ሙቀት ይወጣል፣ ነፋሱና አቧራው ይገባል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የውጩ ነፋስ ነው ወይስ የቤቱ? ፓሪስና ቪየና የተጣሉት ግድግዳውን ሳያዩ ነበር።

ግድግዳው ከታየ በኋላ ብዙ ነገር ተገለበጠ። አለርጂ ችፌን ያመጣል ይባል የነበረው በብዙ ልጆች ዘንድ ቅደም ተከተሉ ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ መጀመሪያ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው የምግብ ብናኝ ሰውነትን ያስቆጣል፣ የምግብ አለርጂው ከዚያ ይከተላል። በ2003 በእንግሊዝ የኦቾሎኒ ዘይት ያለበት ቅባት የተቀቡ ሕፃናት ላይ የኦቾሎኒ አለርጂ በዝቶ ታየ። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ጨቅላዎችን ለሁለት ከፍሎ አምስት ዓመት ተከታተለ። ኦቾሎኒ ከተከለከሉት 17 በመቶ ገደማ አለርጂ ሲይዛቸው በሐኪም ቁጥጥር ሥር ከበሉት 3 በመቶ ብቻ ናቸው የተያዙት። ችፌ የወጣበትን ልጅ ሁሉ ያለ ምርመራ ከእንቁላልና ከወተት የሚያርቅ ቤተሰብ፣ ሥጋ መገንቢያውን አንሥቶ በሽታውን እዚያው ይተወዋል።

የዳንዲው ግኝት ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ግን ያልተጠበቀ ነገር ገጠመው። የስዊድንና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከዚያው ከማክሊን ቡድን ጋር ሆነው ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማንን መርምረው ውጤቱን በ2011 አሳተሙ። አውሮፓውያን ላይ የሚታወቁት የፊላግሪን ጉድለቶች አልተገኙም፤ አዲስ ጉድለት የተገኘውም አንድ ሰው ላይ ብቻ ነው። ሕመሙ ያው፣ ማሳከኩ ያው፣ የተሰነጠቀው ግድግዳ ያው፤ የረገፈበት ምክንያት ግን ሌላ። በአውሮፓ ደም የተሠራ የዘረመል ምርመራ ለኢትዮጵያዊ ልጅ «ንጹሕ ነህ» ቢለው ምንም አልነገረውም ማለት ነው።

የኑሮ ሁኔታም እንዲሁ ቀላል መልስ አይሰጥም። በ1989 እንግሊዛዊው ዴቪድ ስትራቻን በ1958 የተወለዱ ከ17 ሺህ በላይ ሰዎችን መዝገብ አይቶ ታላላቆች የበዙለት ልጅ ችፌና የአፍንጫ አለርጂ እንደሚያንሰው ጻፈ። ከዚያ «ንጽሕና ሲበዛ አለርጂ ይበዛል» የሚለው አባባል ዓለምን ዞረ። በጅማ የተሠራና በ1997 የታተመ ትልቅ ጥናትም አስም ከተማው ውስጥ ከገጠሩ እንደሚበዛ አሳየ፤ ነገሩ የተስማማ መሰለ። ችፌ ግን አመል የለውም። በ1999 የታተመው ዓለም አቀፍ የልጆች ጥናት ከ13 እስከ 14 ዓመት ባሉት መካከል ዝቅተኛውን ያገኘው አልባኒያ ሲሆን ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ከፍተኛው ደግሞ ሀብታም አገር ሳይሆን ናይጄሪያ ውስጥ ተገኘ፣ ከ17 በመቶ በላይ። «የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይቆማል።

አሁን ወደ ዊላን ቅላት መመለስ ይቻላል። የሕክምና ተማሪ፣ አዲስ አበባም ይማር ለንደን፣ ችፌን ሲማር ቀይ መሆኑን ተምሮ ነው የሚወጣው። ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ግራጫ፣ ሐምራዊ ወይም የባሰ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ብዙ ጊዜም በፀጉር ሥር ሥር እንደ ዝይ ቆዳ ትንንሽ ብጉር ሆኖ ይወጣል፣ ቶሎ ይደድራል፣ ሲድን ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ትቶ ይሄዳል። የበሽታውን ክብደት በቅላት የሚለካ ሐኪም ጥቁር ልጅ ላይ ከባዱን ቀላል ነው ብሎ ይመልሳል። የኢትዮጵያ ቤተሰብ ፍርሃት ደግሞ ሌላ ነው፤ ልጁ ጉንጭ ላይ የቀረው ነጣ ያለ ነገር ለምጽ ቢሆንስ? ነገ ማን ያገባታል? ማሳከኩ ተረስቶ ቀለሙ ጭንቀት ይሆናል፤ የአገሪቱ ዋና የቆዳ ሕክምና ማዕከል አለርትም በ1965 የተቋቋመው ለሥጋ ደዌ ስለሆነ፣ በሩን ለማለፍ የሚያፍር ሰው አይጠፋም።

በ2017 አሜሪካ ውስጥ ዱፒሉማብ የሚባል መርፌ ለከባድ ችፌ ተፈቀደ፤ ከውስጥ የሚነሣውን ቁጣ ነጥሎ የሚያበርድ ነው፤ ሲወጣ የዓመት ዋጋው 37 ሺህ ዶላር ነበር። ከዚያ ሁሉ በፊት የሚታዘዘው ግን ዛሬም ገላን ለብ ባለ ውሃ ታጥቦ ቆዳው ሳይደርቅ ሽታ የሌለው ቅባት ወይም ቫዝሊን መቀባት ነው፤ የረገፈውን ምርጊት በእጅ መለሰን እንደማለት።

ዊላን በሠራባት በዚያችው ለንደን፣ በዚምባብዌ የተወለደው የሕክምና ተማሪ ማሎን ሙክዌንዴ የሚማርባቸው ሥዕሎች ሁሉ ነጭ ቆዳ መሆናቸውን አይቶ «በጥቁር ቆዳ ላይስ ምን ይመስላል?» እያለ አስተማሪዎቹን ይጠይቅ ነበር። በ2020 ከሁለት መምህራኑ ጋር በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ የሚታዩ የበሽታ ምልክቶችን በፎቶ አሰናድቶ አወጣ።